የተለያየ ቁመት ያላቸው ወታደሮች አሉኝ፤ አድዋን ከየት ልጀምር?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ከዚራ ነው የምኖረው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የጦር ጨዋታ ትናንሽ ወታደሮችን መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። የአጎቴ ልጅ ከጅቡቲ ሁለት ካርቶን የላስቲክ ወታደር አመጣልኝ። ካርቶኑ ላይ 1/72 ይላል። አንደኛው ሄልሜት ያደረጉ አውሮፓውያን፣ ሌላኛው የሱዳን ደርቡሾች ናቸው። ከዚያ አንድ የውጭ አገር ወዳጄ ታርቡሽ የሚባለውን ቀይ ቆብ ያደረጉ 12 የብረት ወታደሮች ሰጠኝ። ባለ 28 ሚሊሜትር ናቸው አለኝ። ጎን ለጎን ሳቆማቸው አባትና ልጅ ይመስላሉ። ሕልሜ አድዋን ሙሉውን መስራት ነው። ላደባልቃቸው? ወይስ ሽጬ እንደ አዲስ ልጀምር? የሐበሻ ወታደርስ ማን ይሸጣል? ቀለሙም ሳልቀባው ብሩሹ ላይ እየደረቀ አስቸገረኝ።»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ምንም አትሽጥ። ሁለቱን መጠን ግን አንድ ሰልፍ ውስጥ አታቁማቸው። አድዋን ደግሞ ለጊዜው ተወው። ይህኛው እንደሚከነክንህ አውቃለሁ። እኔንም ከንክኖኝ ነበር።

እስቲ ወረቀትና እርሳስ ያዝ። በትልቅ ውጊያ ጨዋታ ላይ አንድ ምስል አንድ ሰው አይደለም። አንዱ ሃያ ወይም ሃምሳ ሰው ይወክላል። ይህን ቁጥር ሳይወስን መግዛት የጀመረ ሰው ማቆሚያ የለውም። የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲየሪ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ያሰለፈው ጦር ከ17,000 ብዙም አይርቅም። የምኒልክ ጦር ብዙ ጊዜ ወደ 100,000 ይገመታል። አንዱን ለሃያ ብታደርገው 850 ጣሊያንና አስካሪ (ለጣሊያን የሚዋጋ የአገሬው ወታደር)፣ 5,000 ሐበሻ ያስፈልግሃል። በቀን አንድ ብትቀባ፣ ፋሲካንም ኢድንም ሳታርፍ፣ 16 ዓመት ነው። አንዱን ለሃምሳ ብታደርገው እንኳ 2,340 ምስል ይሆናል። ጠረጴዛው ሌላ ጣጣ ነው። ያን ሁሉ ሰው በ1/72 የሚችል ጠረጴዛ ከዚራ ያለው ቤትህ ውስጥ አይገባም። ቢገባ እንኳ መሐል ላይ የቆመውን ወታደር የምታነሳው በሆድህ ተኝተህ ነው።

አድዋን ሙሉውን የሚሰሩ ሰዎች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰሩት ግን በ6 ሚሊሜትር ነው። ወታደሩ ከስንዴ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ሃያውን በአንድ ካርድ ላይ ያጣብቁታል። ከሩቅ ሲታይ ያምራል፤ ሰልፍ ይመስላል። ፊት፣ ጥለት፣ ዝናር የሚባል ነገር ግን የለም። አንተ ከጻፍከው እንደተረዳሁት ፊት ማየት የምትወድ ሰው ነህ። ስለዚህ 6 ሚሊሜትሩን እንለፈው።

አሁን ወደ ቁመቱ። 1/72 ማለት እውነተኛው ሰው ለ72 ተካፍሏል ማለት ነው። አንድ ሜትር ከሰባ አምስት የሆነ ሰው 24 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። 28 ሚሊሜትር የሚባለው ግን እንዲህ በማካፈል የወጣ ልክ አይደለም። ብዙ ሠሪዎች ከእግር ጫማ እስከ ዓይን ነው የሚለኩት። ከዓይን በላይ ያለው ግንባርና ባርኔጣ ትርፍ ነው። በዚያ ላይ ጭንቅላቱንና እጁን ሆን ብለው ያገዝፉታል፤ ከአንድ ሜትር ርቀት እንዲታይ። ጠብመንጃውም የአጠና ያህል ይወፍራል። አባትና ልጅ የመሰሉህ ለዚህ ነው። ችግሩ ቁመት ብቻ ቢሆን ኖሮ አጭር ሰውና ረጅም ሰው ብለን እናልፈው ነበር። የሚያሳብቀው የእጁና የጠብመንጃው ውፍረት ነው።

ስለዚህ ሁለት ጨዋታ አለህ እንበል። ታርቡሽ ያደረጉትን 12 የብረት ወታደሮች ለብቻ አስቀምጣቸው። እነሱ ግብፆች ናቸው፤ ለሐረር ሰው ደግሞ እንግዳ አይደሉም። ግብፆች ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ሐረርን ይዘው ነበር፤ ያመጣቸውም ራኡፍ ፓሻ ነው። አስራ ሁለት ሰው ለአንድ የቅኝት ጓድ ይበቃል። እዚህ ጨዋታ ላይ አንዱ ምስል አንድ ሰው ነው። ከአንድ በር ወጥተው ግመል ይዘው ይመለሳሉ፤ አንተ መንገድ ላይ ትጠብቃቸዋለህ። በቃ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያልቃል። ጀጎልን ግን ሙሉውን ልስራ እንዳትል። ግንቡ ዙሪያው ወደ 3.3 ኪሎ ሜትር ነው። በ1/72 እንኳ ስታካፍለው 46 ሜትር ይወጣል። አንድ በር ስራ። ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣው ነጭ ፎም ይበቃሃል። የግንቡ ቁመት 4 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለብረቶቹ 7 ሴንቲሜትር አድርገው።

የላስቲኮቹ ነገር ነው ዋናው። ለእነሱ የምመክርህ ዶጋሊን ነው።

ለምን ዶጋሊ? ልኩ ስለሆነ። በጥር 1879 ዓ.ም. ኮሎኔል ደ ክሪስቶፎሪስ 500 ያህል ጣሊያኖች ይዞ ሰሓጢ ላለው ምሽግ እርዳታ ሊያደርስ ምጽዋ አጠገብ ካለችው ምንኩሉ ተነሳ። ራስ አሉላ በዋዜማው ሰሓጢን ገጥሞ አልቀናውም ነበር። በማግስቱ ይህን ጓድ ዶጋሊ ላይ ከበበው። ጣሊያኖቹ ሁለት መትረየስ ነበራቸው፤ ሁለቱም ቶሎ ተበላሹ። ኮረብታ ላይ ወጥተው ተዋጉ። ከ400 በላይ ሞቱ፤ የተረፉት አብዛኞቹ ቁስለኞች ነበሩ። ሮም ውስጥ ትልቁ የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ እስከ ዛሬ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» የሚባለው በእነሱ ነው።

አሁን ቁጥሩን እይ። 500 ለሃያ ሲካፈል 25 ነው። ሃያ አምስት ምስል! ከአንዱ ካርቶንህ ይወጣል። ሃያው እግረኛ፣ አራቱ በሁለቱ መትረየስ፣ አንዱ ኮሎኔሉ። የአሉላ ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ግን ሁሉንም መቀባት የለብህም። ስልሳ ያህል ካለህ የወደቀው በጠረጴዛው ጠርዝ ዞሮ እንደ አዲስ ይግባ። ለጣሊያኑ ተጫዋች ይህ ራሱ ያስጨንቃል። የገደለው ሁሉ ተመልሶ ይመጣበታል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ጣሊያኑ ማሸነፍ እንዲችል አድርገህ ሕጉን አትጠምዝዘው። ማሸነፍ አይችልም። የሚቆጠረው ስንት ዙር እንደቆመ ነው። ከዚያ ቦታ ትቀያየራላችሁ። ብዙ ዙር የቆመው ቡናውን አይከፍልም።

የመጀመሪያው ካርቶንህ ላይ ያሉት ሄልሜት ለባሾች እንግሊዞች ሳይሆኑ አይቀሩም። ግድ የለም። በ24 ሚሊሜትር ላይ የእንግሊዙን ሄልሜት ከጣሊያኑ የሚለይ ጎረቤት ካለህ፣ እሱን ጋብዘው እንጂ አትሸሸው። ሙሉ በሙሉ ነጭ ልብስ አልብሳቸው። በዶጋሊ ጊዜ የነበረው ነጭ ነው። እነዚሁን ለአድዋ አመጣቸዋለሁ እንዳትል፤ በ1888 የጣሊያኑ ልብስ ወደ አፈር መልክ ተቀይሯል። የሐበሻው ወገን ግን አይባክንም። ዛሬ ለዶጋሊ የሰራሃቸው ነገ ለአምባላጌ፣ ከነገ ወዲያ ለአድዋ ይሆናሉ። ወደ አድዋ መሄድ የምትችለው በዚህ መንገድ ነው። አምባላጌ ራሱ ሁለተኛው ደረጃህ ይሁን። የጣሊያኑ ሻለቃ ቶሴሊ እዚያ የነበረው 2,300 ያህል ሰው ነው፤ ለሃያ ሲካፈል 115። ፊት ለፊቱ ደግሞ የሐረሩ ራስ መኮንን አለ። እዚህ ሐረር ላይ መኮንንን ለመምራት የሚጋፋህ ተጫዋች አታጣም።

ወደ ከባዱ ጥያቄህ ልግባ። የሐበሻ ወታደር ማን ይሸጣል? አውሮፓ ውስጥ ለዚህ ዘመን የሚሰሩ ትናንሽ ሠሪዎች አሉ። እነሱን ከማዘዝህ በፊት ግን ከደርቡሾቹ ራስህ ስራ እልሃለሁ። ምክንያቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። የውጭዎቹ ብዙ ጊዜ የሚስቱት ነገር አለ፤ አንተ ግን ያደግኸው እያየኸው ነው።

መጀመሪያ ሸማው። ፈረንጅ የሚቀርጸው ሸማ ብዙ ጊዜ የሮማ ቶጋ ይሆናል። ሸማ እንዴት እንደሚወድቅ፣ ሰው ለስራ ሲነሳ እንዴት ወገቡ ላይ እንደሚያስረው አንተ እናትህን አይተህ ታውቃለህ። ለውጊያ የገባ ሰው ሸማውን አያንዠረግግም፤ ይታጠቀዋል። ሁለተኛ ጎራዴው። የሐበሻ ተዋጊ ጎራዴውን በቀኝ ጎኑ ነው የሚታጠቀው፤ በግራ ክንዱ ጋሻ አለ። ብዙ የተቀረጹ ምስሎች ላይ በግራ ታገኘዋለህ። በምላጭ ቆርጠህ አዙረው። ሦስተኛ እግሩ። ባዶ ነው። ደርቡሾቹ ጫማ ካላቸው በቀለም አውልቅላቸው።

አራተኛውና ዋናው ጠብመንጃው ነው። ካታሎግ ስታይ የሐበሻ ጦር ሁሉ ጦርና ጋሻ ይዞ ይመጣል። ሐሰት ነው። ግብፆች ጉንደትና ጉራ ላይ ከተሸነፉ በኋላ በሺዎች የሚቆጠር የግብፅ ረሚንግተን ጠብመንጃ ሰሜን ውስጥ ቀርቷል። የአሉላ ሰዎች ይዘውት የነበረው ብዙው እሱ ነው። ወደ አድዋ ስትደርስ ደግሞ ውጅግራውም ሰናድሩም ተጨምሮ አብዛኛው እግረኛ ባለ ጠብመንጃ ሆኗል። ለዶጋሊ ከሦስቱ ሁለቱን ጠብመንጃ አስይዝ፤ ይህ የእኔ ግምት ነው፣ ለዓይንም ለጨዋታም ይስማማል። ጎፈር (የአንበሳ ጋማ የራስ ጌጥ) እና ለምድ ደግሞ አታብዛ። አንበሳ ሁሉም ሰው አልገደለም። ከሃያው አንዱ ይበቃል። ሁሉም ጎፈር ሲያደርግ ጦር ሳይሆን ቴያትር ይሆናል።

ጠብመንጃ ካነሳን አይቀር፣ ሐረር መጥተህ የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት ስትገባ ግጥሙን ብቻ አትይ። ሰውየው መሣሪያ ነጋዴም ነበር። በ1879 ወደ 2,000 የሚጠጋ አሮጌ ጠብመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሳና ለምኒልክ ሊሸጥ ወደ ሸዋ ወጣ። ሲደርስ ምኒልክ የለም፤ ሐረርን ሊይዝ ሄዷል። ሲመለስ ደግሞ ከፊቱ በተማረከ የግብፅ መለከት እያስነፋ፣ ከኋላው ሁለት የክሩፕ መድፍ በሰው አሸክሞ ነው የገባው። ጠብመንጃው ሞልቶለት የለ፣ ራምቦ በዋጋ ተጎድቷል። ይህን የምነግርህ ለወሬ አይደለም። መድፍ ተሸክመው ዳገት የሚወጡ ሰዎች በ1/72 ቢሰሩ ምን እንደሚመስሉ አስበው። ማንም ካታሎግ ላይ አታገኘውም። እኔ ጀምሬዋለሁ፤ ሁለተኛው መድፍ ገና ነው። ቤቱ ውስጥ የተሰቀሉትን የድሮ ፎቶዎችም እይ። ራምቦ ራሱ ካሜራ አስመጥቶ ሐረርን አንስቷል። ሸሪፍ ሙዚየምም ግባ፤ የድሮ መሣሪያና ልብስ በዓይንህ ታያለህ። ደብተር ይዘህ ግባና ንደፍ።

ሸማውን ከምን ትሰራለህ? እኔ መጀመሪያ መኪና ግርግር ሄጄ ከልብስ ሰፊዎቹ ቁራጭ ጨርቅ ለመንኩ። ስስ ነው ብዬ ነበር። ወታደሩ ላይ ሳደርገው ጋቢ እንኳ አልሆነም፤ ፍራሽ ተሸክሞ የሚሸሽ ሰው መሰለ። የጨርቁ ክር ለእኛ ስስ ነው፣ ለእሱ ግን ገመድ ነው። መፍትሄው ሶፍት ነው። ሶፍቱን ገጽ በገጽ ለይተህ አንዱን ስስ ገጽ ብቻ ውሰድ። የአናጺ ኮላ በውሃ አቅጥንና ንከረው። በስቴኪኒ እያነሳህ ወገቡ ላይ ጠቅልለው፣ ጫፉን ትከሻው ላይ ጣለው። እርጥብ እያለ እጥፋቱን በስቴኪኒው ጫፍ አስተካክል። ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይጠነክራል። ጦር ካስፈለገህ የሳይክል ፍሬን ካቦ ፍታና አንዷን ክር ቁረጥ፤ ጫፏን በመዶሻ ጠፍጠፍ አድርጋት። ከላስቲኩ ጦር በብዙ ትበልጣለች፤ አትጎብጥም።

ስለ መጉበጥ ካነሳሁ፣ አንድ ጊዜ ከውጭ ያስመጣኋቸውን የሬዚን ወታደሮች ያደረሰልኝ ሰው ድሬ ላይ መኪናው ውስጥ ፀሐይ ላይ ረስቷቸው ዋለ። ስከፍተው ጦር ሁሉ ሽምብራ እሸት መስሎ ተጠማዟል። እንዲህ ቢገጥምህ አትጣላቸው። ያልፈላ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆያቸው፣ በጣትህ አቅናቸው፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከራቸው። ባሉበት ይቀራሉ።

አሁን ቀለም። አንተ ያሉህ የካርቶኖቹ ወታደሮች ለስላሳ ላስቲክ ናቸው። በእነሱ ላይ ቀለም አይዝም፤ ስታጥፋቸው እንደ ቅርፊት ይላጣል። መጀመሪያ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እጠባቸው፤ ከፋብሪካ የመጣ ቅባት አለባቸው። አድርቃቸው። ከዚያ የቀጠነ ኮላ አንድ ጊዜ ቀባቸው። ሲደርቅ መነሻ ቀለም። ሲያልቅ ደግሞ ቫርኒሽ። የላስቲክ ማጣበቂያ የሚባለው እነሱን አይዝም። እጅ ወይም ራስ ስትቀይር በእስፒል ወግተህ በሱፐር ግሉ ያዘው። ከጋራዥ የሚገኘው የመኪና ስፕሬይ ለብረቶቹ ይሆናል። ለላስቲክ ግን መጀመሪያ በማያስፈልግህ ቁራጭ ላይ ሞክር፤ አንዳንዱ ስፕሬይ ላስቲክ ያቀልጣል።

ብሩሹ ላይ የሚደርቀው ነገር የድሬዳዋ ሕመም ነው። እኔ ከ1,800 ሜትር በላይ ነኝ፤ አንተ 1,200 አካባቢ ነህ። አክሪሊክ ቀለም ውሃ ነው የሚያቀጥነው፤ ሙቀት ሲያገኘው ይሄዳል። በዚያ ላይ እርግጠኛ ነኝ ቬንትሌተሩን ወደ ራስህ አዙረህ ነው የምትቀባው። አቦ፣ አጥፋው! ወይም ወደ ግድግዳ አዙረው። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስተህ ቀባ፣ 3 ሰዓት ላይ አቁም። ክዳን ያለው ዝቅ ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ፈልግ። ከስሩ የረጠበ ስፖንጅ አንጥፍ፣ በላዩ የኬክ መጋገሪያ ወረቀት። ቀለሙን ወረቀቱ ላይ አድርግ። ከስር እየረጠበ ስለሚሄድ ሰዓታት ይቆያል። ሲመሽ ክዳኑን ትዘጋለህ፤ ነገም ያው ቀለም አለ። ስፕሬይም እኩለ ቀን ላይ አትንፋ። ቀለሙ ገና አየር ላይ ሳለ ደርቆ ወታደርህ ላይ እንደ አሸዋ ይወርዳል።

ከሁሉም የሚከብደው ነጭ ነው። የምትሰራው ዘመን ደግሞ ነጭ በነጭ ነው። ሐበሻው ነጭ፣ ጣሊያኑ ነጭ፣ ግብፁ ነጭ። ሁሉንም ከአንድ ዕቃ ብትቀባ ጠረጴዛህ ላይ የዱቄት ከረጢት ፈሰሰ ማለት ነው። ስለዚህ ነጩን ለያየው። ለጣሊያኑ ከቀዝቃዛ ግራጫ ጀምር፤ በላዩ ቀለል ያለ ግራጫ፣ በመጨረሻ ነጭ። አዲስ ከመጋዘን የወጣ ልብስ ይመስላል። ለሐበሻው ከቡናማ ጀምር። በላዩ የአጃ ዓይነት መልክ፣ በላዩ ክሬም። ንጹሕ ነጭ የምትነካው የእጥፋቱ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ዘመቻ ላይ ያለ ሸማ አቧራ ጠጥቷል። ትከሻው ላይ ደግሞ ከፀጉር የወረደ ቅቤ አለ፤ ትንሽ ቢጫ አድርገው። ጥለቱን ለሁሉም አትቀባ። ለአለቆቹ ቀይ መስመር አንድ ጊዜ ሳብ አድርግላቸው፤ እጅህ ከተንቀጠቀጠ ከላይና ከታች በክሬሙ አስተካክለው። ፊታቸውንም በአንድ ቡናማ አትጨርሰው። ሦስት አራት ዓይነት ቡናማ ቀላቅል። ከፊራ ገበያ መሐል ቆመህ ዙሪያህን ብታይ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባሃል።

መቆሚያው ቀላል ነው። ከብረታ ብረት ሱቅ ሮንዴላ፣ ያንን ብሎን ስር የሚገባውን መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረት፣ ግዛ። ለ1/72 ባለ 2 ሴንቲሜትሩ ልክ ነው፤ ለ28ቱ ባለ 2.5 ወይም 3። ለላስቲኩ ክብደት ይሰጠዋል፣ በቬንትሌተርም አይወድቅም። በላዩ ኮላ ቀባና አሸዋ ነስንስ። አሸዋውን ከደቻቱ አምጣ፤ ወንዙ ሲደርቅ የሚያስቀረውን ደቃቁን። በሻይ ማጥለያ ንፋውና ብረት ምጣድ ላይ አሙቀው። የዶጋሊ አገር ደረቅ ቆላ ነው፤ የደቻቱ አሸዋ ቀለም እንኳ ሳያስፈልገው ይመስላል። ለደጋ ውጊያ የቡና አተላ ትጨምራለህ፤ በደንብ ካላደረቅኸው ግን ይሻግትብሃል።

የብረቶቹን ነገር አደራ። አሮጌ የብረት ወታደር ብዙውን ጊዜ እርሳስ አለበት። ስትሞርደው የሚወጣው ዱቄት መርዝ ነው። በርጫ ላይ ቁጭ ብለህ እየቃምክ አትሞርድ። እጅህ ወደ አፍህ ስንት ጊዜ እንደሚሄድ አንተም ታውቃለህ። ሞርደህ ስትጨርስ እጅህንም ጠረጴዛውንም በሳሙና እጠብ። ላያቸው ላይ ነጭ ብናኝ ካየህ ደግሞ ከእንጨት ሳጥን አውጣቸው፤ አንዳንድ እንጨት የሚተነፍሰው አሲድ እርሳስን ይበላዋል።

አሁን ልናገረው የምፈልገው አንድ ሌላ ነገር አለ። አንተ ባትጠይቅም መምጣቱ አይቀርም። እዚህ አካባቢ ይህን ጨዋታ የጀመረ ሰው ሁሉ የጨለንቆን ውጊያ ያስባል። ቅርብ ነው፣ ልኩም ትንሽ ነው፣ ጊዜውም ያው 1879 በገና ሰሞን ነው፤ ከዶጋሊ የሚቀድመው በጥቂት ሳምንት ነው። አሚር አብዱላሂ ግብፆች ጥለውት በሄዱት መሣሪያ ምኒልክን ገጠመ፣ ተሸነፈ፣ ሐረር ተያዘች። እንደ ጨዋታ ጥሩ ነው። ግን እዚህ ከተማ ጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጡት ሰዎች ቅድመ አያቶች በሁለቱም በኩል ነበሩ። ለአንዱ የዘመቻ ወሬ የሆነው ለሌላው ለቅሶ ነው። እኔ አንዴ ሳላስብ ዘርግቼው አንድ የማከብረው ጎረቤቴ ዝም ብሎ አይቶት ወጣ። ምንም አላለኝም። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ አለ። አትስራው አልልህም። ከማን ጋር እንደምትጫወት እወቅ፣ አስቀድመህ ጠይቅ፣ የሚሸነፈውንም ወገን በእኩል ጥንቃቄ ቀባ።

ከዶጋሊ ቀጥሎ ምን ልሰብስብ ካልክ ግብፆችን በ1/72 ጨምር። አንድ ጦር ሰርተህ ብዙ ቦታ ትጠቀምበታለህ፤ ሐረር፣ ጉንደት፣ ጉራ። ነጭ ልብስ፣ ቀይ ታርቡሽ፣ ረሚንግተን፤ በቃ። የጉራው ደግሞ አንድ የሚያስቅ ነገር አለው። ከግብፁ ጦር ጋር ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተረፉ መኮንኖች ነበሩ። ዋናው ጄኔራል ሎሪንግ ነው። ግራ እጁን ሜክሲኮ ላይ አጥቶ፣ በአገሩ ጦርነት ለደቡቦቹ ተዋግቶ ተሸንፎ፣ ከዚያ ኤርትራ ደጋ ድረስ መጥቶ እንደገና ተሸነፈ። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወታደር በ1/72 እንደ ልብ የሚገኝ ነው። አንዱን መኮንን ወስደህ ግራ እጁን ቁረጥ፣ ታርቡሽ አድርግለት። ይኸው ጄኔራል አገኘህ።

ሲያልቁ ይዘሃቸው ወደ ሐረር ና። ከድሬ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን መንገድ ግን ተጠንቀቅ። እኔ መጀመሪያ ጥጥ ጠቅልዬ ነበር የማመላልሳቸው፤ ያ ጠመዝማዛ እስኪያልቅ ግማሹ ጦሩን ጥሎ ይደርሳል። አሁን የብስኩት ቆርቆሮ ነው የምጠቀመው። ከስሩ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት አጣብቄያለሁ፤ ሮንዴላው ቆርቆሮው ላይ ይነክሳል፣ ሚኒባሱ ቢገለበጥም አይነቃነቅም። መገልበጡን ይያዝልን። ስትመጣ ደግሞ ባለ 2 ሴንቲሜትሩን ሮንዴላ መቶ ያህል ይዘህልኝ ና። እዚህ የማገኘው ሁሉ ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ የመድፍ ተሸካሚዎቼ እግር እየገባበት ተቸግሬያለሁ።